ባሕረ ሐሳብን በፓይተን፦ ከ12ኛ ክፍሎች ጋር የያዝነው የቅዳሜ ሥራ

ቢቸና፣ 2018 ዓ.ም.

ሥራው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልናገር። ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችንን የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ቀመር፣ የሚያሰላ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየጻፍን ነው። ዓመቱን ሲነግሩት ወንጌላዊውን፣ መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን፣ ጾመ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምንና ፋሲካን ያወጣል። እኔ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ላቡን እከፍታለሁ፤ የፈለገ ይመጣል።

ባሕረ ሐሳብን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ፕሮግራሚንግ ስናስተምር የክብ ስፋት አውጡ፣ የአምስት ትምህርት አማካይ አውጡ እንላለን። ልጁ ይጽፋል፣ ቁጥር ይወጣለታል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያያል። ትክክል መሆኑን የምነግረው እኔ ነኝ። ፋሲካ ግን እንደዚያ አይደለም። ያለፈው ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 እንደዋለ እዚህ የማያውቅ ልጅ የለም። ፕሮግራሙ ሌላ ቀን ካወጣ ለመሳሳቱ እኔ አላስፈልግም። ደግሞስ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም እዚሁ ጎናችን ሆኖ፣ ይህን ስሌት በቃላቸው የሚወጡ ሰዎች በየደብሩ እያሉ፣ ምሳሌ ፍለጋ ወዴት እንሄዳለን?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሙሉውን ያለፈው ማሽን በማሰናዳት ነው። ኮምፒውተሮቹ የቆዩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 ነው። አዲሱን ፓይተን እናስገባ ብትል አይገባም። ከ3.9 ጀምሮ ያሉት ፓይተኖች ዊንዶውስ 7 ላይ አይሠሩም። የሚሠራው 3.8 ነው፤ ከእነሱም ለዊንዶውስ የተዘጋጀ መጫኛ ያለው የመጨረሻው 3.8.10 ነው። ባለ 32 ቢቱን ደብረ ማርቆስ አውርጄ በፍላሽ ይዤው መጥቻለሁ። በተመሳሳይ ችግር ላይ ያለ መምህር ካለ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ፤ ብዙ ልፋት ያስቀርለታል።

ፓይተን ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መጻፊያው አይድል አብሮት ይመጣል። ስማርት ስልክ ያላቸው ልጆች ደግሞ ፓይተንን በስልክ የሚያሠራውን ፓይድሮይድን በዜንደር ተቀባብለዋል፤ እሱም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ኢንተርኔት ስለሌለን ፕሮግራሚንግ መማር አንችልም የሚለውን አልቀበልም። የሚከብደው ሌላ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ልጆች ይደርሳል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን። አንዱ ይተይባል፣ አንዱ ምን እንደሚተየብ ይናገራል፣ ሦስተኛው በደብተሩ ላይ በእጁ እያሰላ ይከታተላል። በየጊዜው ይቀያየራሉ። ሦስተኛው ልጅ ሥራ ፈት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሲሳሳት የሚይዘው እሱ ነው።

ከመውጣታችን በፊት አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ኢንትራንስ ላይ ይመጣል?»

አይመጣም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ላይ ኮምፒውተር የሚባል ትምህርት የለም፤ እንደዚያ ብዬ ነገርኩት። የሱ ጥያቄ ተገቢ ነው። ቤተሰቡ ከገጠር ስንቅ እየላከ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ቅዳሜውን ምን ላይ እንደሚያውለው ማወቅ አለበት። እኔም የማምንበትን ነገርኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ምሕንድስና ልማር ብሎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ ከሄደ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ከከተማ ልጆች ጋር እኩል አይነሳም። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው ፈተና ላይ መሆን የለበትም።

ልጁ ቆየ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

መብራት የለም። ደግ ሆነ፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃናል።

ባሕረ ሐሳብ ከዳር እስከ ዳር ቀሪ ማውጣት ነው። ለ4 አካፍል፣ የቀረውን ያዝ። ለ7 አካፍል፣ የቀረውን ያዝ። ለ19፣ ለ30፣ እንደዚሁ። ፕሮግራመሮች ሞዱሎ የሚሉት ይኸው ነው፤ በፓይተን ምልክቱ % ነው። ዘንድሮን ራሷን ሰሌዳ ላይ ሠራናት።

መጀመሪያ ዓመተ ዓለም። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። ከዓመተ ዓለሙ ጋር ሲደመር 9397 ይሆናል። ይህ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል። የዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር። እዚህ ላይ ክፍሉ ሞቅ አለ፤ ሁሉም ቀኑን ያስታውሰዋል።

ቀጠልን። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። አንድ ሲቀነስለት 12 ይሆናል፤ ወንበር ይህ ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ ነው፤ 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ ነው፤ 18። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። የኛ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው፤ ቀኑ እሑድ። ለየዕለቱ የተመደበ የሚደመር ቁጥር አለ፤ ተውሳክ ይባላል። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ድምሩ መባጃ ሐመር ይባላል፤ 25 ወጣ፤ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች። በነነዌና በፋሲካ መካከል 69 ቀን ስላለ፣ ሁለት ወር ተሻግሮ 9 ይጨመራል። ፋሲካ ሚያዝያ 4።

አንዷ ተማሪ ከእኔ ቀድማ እየመለሰች አስቸገረችኝ። አባቷ ቄስ ናቸው። ተውሳኮቹን ከቅዳሜ እስከ ዓርብ በአንድ ትንፋሽ ወረደቻቸው፦ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2። አይሲቲ ክፍል ውስጥ እስከዛሬ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሰሌዳውን ለቀቅኩላት።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መብራት አለ። መጻፍ ጀመርን።

ፓይተን 3 ለተለዋዋጭ የግዕዝ ፊደል ስም ይቀበላል። ይህን ሳሳያቸው ማመን አቃታቸው። የመጀመሪያው ቡድን የጻፈው እንዲህ ይላል፦

ዓመተ_ዓለም = 5500 + ዓመት
መጠነ_ራብዒት = ዓመተ_ዓለም // 4
ወንበር = ዓመተ_ዓለም % 19 - 1
አበቅቴ = (ወንበር * 11) % 30
መጥቅዕ = (ወንበር * 19) % 30

ይህ ማስተማሪያ ብቻ አይደለም፤ እንዳለ የሚሠራ ኮድ ነው። ሁለቱ ጭረቶች ሲካፈል የሚደርሰውን ሙሉ ቁጥር ብቻ ይወስዳሉ። ስሌቱን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያውቀው ልጅ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

ግን የግዕዝ ስም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ከላይ «መጥቅዕ» ብሎ ከታች «መጥቅእ» ይጽፋል። ሌላው «ትንሣኤ»ን በንጉሡ ሠ ጀምሮ በእሳቱ ሰ ይጨርሳል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ «እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም» ብሎ ይቆማል። ዛሬ ከገጠመን ስህተት ብዙው ይኸው ነው። ስሞቹን በትልቅ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ከዚያ እያየ ይተይባል። ሌላም ነገር አለ፤ ኮዱን በጥቁሩ የኮማንድ መስኮት ካስኬዱት ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። አይድል ውስጥ በደንብ ይታያል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ተውሳኮቹን በሰንጠረዥ አስገባን። የወሩን ምርጫ በ«ኢፍ» እና «ኤልስ» ጻፍን። ፕሮግራሙ 2016፣ 2017 እና 2018ን በትክክል አወጣ፦ ሚያዝያ 27፣ ሚያዝያ 12፣ ሚያዝያ 4።

አንድ ጥሩ ጥያቄ ተነሳ። ሕጉ መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ፣ ቢያንስ ይላል። 14 ራሱ ቢመጣስ? «በሉ ኮምፒውተሩን ጠይቁት» አልኳቸው። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኙንም በመደጋገሚያው ትእዛዝ በ«ፎር» አስኬዱት። 13 አለ፣ 15 አለ፣ 14 የለም። በጭራሽ አይመጣም። የሕጉ አወጣጥ ክፍተት የለበትም ማለት ነው። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መመለሳቸው ከዛሬው ሥራ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የቄሱ ልጅ አንድ የኔታ ይዛ መጣች። በአካባቢው ቅኔና አቡሻህር (የዘመን ቀመር ትምህርት) የሚያስተምሩ አባት ናቸው። ልጆቹ ተነስተው እጅ ነሱ፤ ወንበር አቀረብንላቸው።

ዓመት ሲሰጧቸው በቃላቸው ያወጣሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ይተይባሉ። እየተጠባበቁ የሦስት አራት ዓመት አወጡ፤ ሁሉም ገጠመ። የኔታ ደስ አላቸው። ስሌቱን በትውፊት ለ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ እንደምንሰጠው አጫወቱን። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና ጠየቁ።

«ልጆቼ፣ አሥራ ዘጠኙ ምንም ሳያስቀር ያለቀ እንደሆነስ? ያን ጊዜ ማሽናችሁ ከምን ላይ አንድ ይቀንሳል?»

ማንም አልመለሰም። እኔም መልሱን ልጆቹ እንዲፈልጉት ዝም አልኩ። እንዲህ ያለውን ዓመት ፈለጉ፤ 2024 ሆኖ ተገኘ። 7524 ለ19 ሲካፈል ምንም አይቀርም። ፕሮግራሙ ወንበርን -1 ብሎ ጻፈ።

«ወንበር ከዜሮ አያንስም። አሥራ ስምንት ነው» አሉ የኔታ።

ግን ፋሲካው ትክክል ነው! ፕሮግራሙ ሚያዝያ 24 አለ፤ የኔታም ሚያዝያ 24 አሉ። ነነዌም ገጠመ፤ የካቲት 15። ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ «መልሱ ከገጠመ ምን ቸገረን» አለ። ግማሹ «ወንበሩ ስህተት ሆኖ ፋሲካው እንዴት ይገጥማል» አለ። አላስታረቅኳቸውም። ክርክሩን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ሙሉውን ጊዜ በደብተር ተከታተልነው።

ወንበር -1 ሲሆን መጥቅዕ በትክክል ከሚወጣው በአንድ ያንሳል። 12 መሆን ሲገባው 11 ይሆናል። አበቅቴው ደግሞ በአንድ ይበልጣል፤ በ18 ፋንታ 19። ሁለቱ ሲደመሩ ግን አሁንም 30 ናቸው። ማለትም «አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተሃል» የሚለው የታወቀ ማረጋገጫ ይህን ስህተት አይዘውም።

ፋሲካው ለምን ገጠመ? ተውሳኩ መጥቅዕን ሁልጊዜ ወደ ሰኞ ነው የሚያደርሰው፤ ነነዌ ሰኞ ትገባለችና። በ2024 ጥቅምት 12 ሐሙስ ነው፤ ተውሳኩ 3፣ ድምሩ 15። ጥቅምት 11 ረቡዕ ነው፤ ተውሳኩ 4፣ ድምሩ ያው 15። የተሳሳተችዋን አንድ ቀን ተውሳኩ መልሶ ይሞላታል።

ሁልጊዜ ግን አይሞላትም። ተውሳክ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ሲሻገር ከ2 ወደ 8 ይዘላል። ትክክለኛው መጥቅዕ ቅዳሜ ከዋለ፣ የተሳሳተው ዓርብ ይውላል፤ ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ ይለያያል። ይህን ያገኘው ያ «ኢንትራንስ ላይ ይመጣል?» ያለኝ ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አስረዳ።

ስለ ፓይተንም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። በፓይተን -11 % 30 ሲባል መልሱ 19 ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ግን -11 ራሱ ይመጣል። በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፈነው ቢሆን መጥቅዕ ከዜሮ በታች ወርዶ ስህተቱ ያኔውኑ ይታይ ነበር። ፓይተን ደህና የሚመስል ቁጥር ስለሰጠን ተሸፈነ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ባሕረ ሐሳብ 532 ዓመት ሲሞላ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ዓቢይ ቀመር የሚባለው ነው፤ 19 በ28 ሲባዛ የሚመጣ። ስለዚህ 532 ዓመት ከፈተሽን ሁሉንም ፈተሽን ማለት ነው፤ ከዚያ ውጭ አዲስ ነገር የለም። በእጅ ቢሆን ማን ይሞክረዋል? ኮምፒውተሩ ሌላ ምንም ባይጠቅመን ለዚህ ይጠቅመናል።

የተሳሳተውንና የታረመውን ስሌት ጎን ለጎን አድርገን ከ2000 እስከ 2531 አስኬድናቸው። ማረሚያው ትንሽ ናት፦

ወንበር = (ዓመተ_ዓለም - 1) % 19

ቀድሞ አንዱን መቀነስ፣ ከዚያ ቀሪውን ማውጣት። ቀሪው ዜሮ የሚሆንበት ዓመት በራሱ 18 ይሆናል።

ከ532 ዓመታት ውስጥ ፋሲካው የተለያየው በ4 ዓመት ብቻ ነው፦ 2043፣ 2138፣ 2233 እና 2328። በ2043 የታረመው ሚያዝያ 29 ሲል የተሳሳተው ሚያዝያ 22 ይላል። ያልታረመው ፕሮግራም እስከዚያ ድረስ አንድም ፋሲካ ሳይስት በደህና ይሠራ ነበር። እነዚህ ልጆች ያኔ ወደ አርባዎቹ ይሆናሉ።

ላቡ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። «ቲቸር፣ የባንክ ሲስተምም እንዲህ ሊሆን ይችላል ማለት ነው?» አለ አንዱ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ያለፉትን ሦስት ዓመታት አይተን ትክክል ነው ብለን ነበር። ለመፈተሻ ዓመት ስንመርጥ መምረጥ የሚገባን የኔታ የጠየቁትን ዓይነት ነው፤ ዳር ያለው፣ ቀሪ የሌለው፣ ዜሮ የሆነው። ይህን ለ12ኛ ክፍል በትርጉም አስጽፌ ቢሆን ለፈተና ሸምድደው ይረሱት ነበር። የኔታ አንድ ጥያቄ ጠይቀው አስተማሯቸው፤ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ለየኔታ በልጅቷ በኩል መልእክት ልከናል።

ታኅሣሥ 18

ፈተና ደርሷል፤ ሥራ የለም። ላቡን ለጥናት ከፍቼዋለሁ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ቡድን ሌላ ነገር አገኘ። በ2006 ዓ.ም. ወንበር 0 ነበር። 0 በምንም ቢባዛ 0 ነው፤ ፕሮግራሙ መጥቅዕን 0 አለው። በሕጉ ግን መጥቅዕ 0 አይባልም፤ 30 ይባላል፣ በመስከረም 30 ይውላል። የኛ ኮድ 0 ከ14 ስለሚያንስ ወደ ጥቅምት ወሰደው፤ «ጥቅምት 0»። ፋሲካው ግን ትክክል ወጣ፤ ሚያዝያ 12።

አሁን ማንም «ከገጠመ ምን ቸገረን» አላለም። ወዲያው ለምን ገጠመ ወደሚለው ገቡ። መልሱን ያገኘችው የቄሱ ልጅ ናት፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ጥቅምት 0 ማለት መስከረም 30 ነው። ቀኑም ያው ሐሙስ፣ ተውሳኩም ያው 3። መስከረም 30 ብለን ብንሄድ 33 ሆኖ 30 ሲወጣለት 3 ይቀራል፤ ጥቅምት 0 ብለን ብንሄድም 3። ይህ በየትኛውም ዓመት አይስትም፤ የመጀመሪያው ስህተት ግን ይስታል። ሁለቱን ለይታ በማስረጃ ማስቀመጧ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከምትማረው የሚያንስ አይደለም።

ቢሆንም መጥቅዕ 0 ሲሆን 30 ብሎ እንዲጽፍ አንድ መስመር ጨመርን። ተመልካቹ የሚያነበው ፋሲካውን ብቻ አይደለም።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ፕሮግራሙ አልቋል ማለት ይቻላል። ከነገ ወዲያ ነነዌ ናት፤ ልጆቹ ጥቅምት ላይ በጠመኔ ያወጧት ጥር 25። የሚቀጥለውን ዓመትም አውጥተናል፤ በ2019 ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24።

የቀሩት ሥራዎች እነዚህ ናቸው። ተጠቃሚው ከቁጥር ይልቅ ፊደል ቢያስገባ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ማድረግ፤ ይህን 11ኛ ክፍሎች ይዘውታል። ውጤቱን በግዕዝ ቁጥር መጻፍ፤ ይህኛው ከባድ ነው፣ በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፣ ፻ እና ፼ የራሳቸው ሕግ አላቸው። እንዲሁም ኮዱን እየከፋፈሉ ለእያንዳንዱ ክፍል ማብራሪያ መጻፍ። 12ኛ ክፍሎች ከየካቲት በኋላ ለፈተናቸው ስለሚለቁን፣ ማብራሪያውን ሳይጽፉ እንዳይሄዱ ነግሬያቸዋለሁ። ጽሑፉ በአማርኛ ይሆናል። መስከረም ላይ ለሚመጡት ልጆች ከፓይተን 3.8.10 ጋር በዚያው ፍላሽ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ።